የሙሴ ድስት

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ዓርብ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ባሌ ለቢኒያም፣

እንደ ድሮ ሰው «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። የጎደለብን ነገር ሞልቷል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ የውጪው በር አሁንም በእርግጫ ካልመቱት አይዘጋም፣ አንተም የለህም። ከዚህ ሌላ ግን ጌታ ይመስገን፣ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነው። ልጅህም ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ደብዳቤ ስታይ ልብህ ድንግጥ እንደሚል ስለማውቅ ነው። በዚህ ዘመን ያለ ክፉ ወሬ ማን ደብዳቤ ይጽፋል?

ለምን እንደምጽፍልህ ልንገርህ። እናንተ የመንገድ ሥራ ካምፕ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው፤ እዚያም ወጥተህ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስትለኝ ካርዱ ያልቃል። እዚህ ደግሞ የቤታችንን ግድግዳ ታውቀዋለህ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ ስጠይቅህ እናትህ ሳሎን ተቀምጠው መልሱን ይሰጡኛል። ታዲያ ስለ እሳቸው እሳቸው እየሰሙ እንዴት አድርጌ ላውራህ? የሥራ ባልደረባህ ተመስገን ፈቃዱን ጨርሶ ነገ ወደ ሥራው ስለሚመለስ ከዳቦ ቆሎው ጋር ይህን ይዞልህ ይመጣል። ዳቦ ቆሎውን መንገድ ላይ ሳያጋምስብህ ቶሎ ተቀበለው።

ጉዳዩ ይህ ነው። ባለፈው በስልክ «እናትህን ውሰድልኝ» ብዬህ ነበር። አንተም፣ እግዜር ይይልህ፣ ሳትከራከረኝ «እሺ፣ ከፋሲካ በኋላ አሸናፊ መጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይወስዳቸዋል» አልከኝና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሆኗል መሰለህ! አንተ ግን የምታውቀው እስከዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህና፣ ወንድምህ ወደዚህ ሳይነሳ አንተው ፍረድ።

ሙሴ ስድስት ወር የሞላው ሁዳዴ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው አይደል? ላስመዝነው ጤና ጣቢያ ስወስደው ሲስተር ሜሮን፣ ያቺ ሳቂታዋ ነርስ፣ «በይ እንግዲህ፣ ከአሁን በኋላ ጡት ብቻውን አይበቃውም። ረቡዕ የእናቶች ትምህርት አለ፣ እንዳትቀሪ» አለችኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። አቤት የነበረው ጫጫታ! አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሲስተር ሜሮን መሃል ላይ ቆማ በቡታጋዝ ገንፎ ታገነፋለች። «ሙቅ አይደለም! አጥሚት አይደለም! ገንፎ!» እያለች ማንኪያውን ዘንበል ታደርገዋለች። ገንፎው ማንኪያው ላይ ጸንቶ ከቆየ ጥሩ ነው፤ እንደ ውኃ ከፈሰሰ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። እንቁላል ይመታበት፣ ወተት ይግባበት፣ ዘይት ወይ ቅቤ ጠብ ይበልበት፤ ካሮትና ዱባ ተቀቅሎ ይደፍጠጥ። ዓሣም ቢሆን እሾሁ በደንብ ይለቀምና ይሰጠው አለች። መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ ጀምሩ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ ሂዱ፣ ጡቱን ግን እንዳታቋርጡ። ደግሞ ጭናችሁ ላይ አጋድማችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ እንዳትግቱት ስትል ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ «እኛስ እንዲያ ተግተን አይደል ያደግነው» ብለው አጉረመረሙ።

እኔ ግን ተማሪ ቤት የተመለስኩ ያህል ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የግቢያችን አቮካዶ ገና ስላልደረሰ እናቴ ከቡሹሎ ልካልኝ ነበር። እንቁላል ገዛሁ፣ ወተት አስመጣሁ። ማታ የተማርኩትን ሁሉ ለእናትህ ዘረገፍኩላቸው። «እማማ፣ ገንፎው ላይ እንቁላል ይምቱለት፤ ወተትም ይጨምሩበት።» «እሺ ልጄ» አሉኝ። እናትህ «እሺ ልጄ» ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ ዓመት አብረሃቸው ኖረህ ሳትነግረኝ መቅረትህን ግን ይቅር አልልህም።

እናትህን ታውቃቸዋለህ። ከቆረቡ ወዲህ ደግሞ ብሶባቸዋል። የቅበላ ማግስት ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ መጥበሻውን ሁሉ ግቢ አውጥተው በአመድና በሎሚ ፈትገው፣ የፈላ ውኃ አፍስሰውበት፣ ፀሐይ ላይ ደርድረው ቤቱን ጾም አስገቡት። እኔም ባልጾም አከብራቸዋለሁ፤ ሲያምረኝ መሃል ከተማ ምሳዬን በልቼ አፌን ጠራርጌ ነው የምገባው። እንግዲህ አስበው፤ ያ ሁሉ የታጠበ ድስት፣ አንዲት ምድጃ፣ አንዲት ቆራቢ ሴት፣ አንድ እንቁላል የታዘዘለት ልጅ። እኔ ሞኟ ይህን ነገር አንድም ቀን አላሰብኩትም።

በዚያ ላይ የሰርግ ካርድ ወቅት ነው። ፋሲካ ካለፈ ሰው ሁሉ ሊያገባ ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ ተጨናንቋል፤ እንደ ወትሮው ምሳ ሰዓት ብቅ ብዬ ማየቱ ቀረ። ማታ ስገባ «እማማ፣ በላ?» እላለሁ። «በላ፣ ጠገበ፣ ተኛ» ይሉኛል። አልዋሹም እኮ! ምን እንደበላ ነው እኔ ያልጠየቅኳቸው። እንቁላሉም ከቅርጫቱ ያልቃል፣ ሌላ እገዛለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኛ ቤት እንቁላል ግን በሩጫ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ የክብደቱ ቀን ደረሰ። ልጅህን በዚያች እንደ ሱሪ ባለች ማንጠልጠያ አስገብተው እንደ ቅርጫ ሥጋ ሰቀሉት፤ እሱ ደግሞ መጫወቻ መስሎት እግሩን ያወራጫል። ሲስተር ሜሮን ካርዱ ላይ ነጥቧን አደረገችና ደግማ አየችው። መስመሩ ሽቅብ መውጣት ሲገባው ተኝቷል፣ ቢኒዬ። «ታሞ ነበር?» አለችኝ። «ኧረ አልታመመም።» «ምን ይበላል?» «እንቁላል፣ ገንፎ፣ ወተት፣ ሁሉንም!» አልኳት በኩራት። ትክ ብላ አየችኝና «እስቲ አንድ ቀን ዋል ብለሽ ሲበላ እዪው» አለችኝ።

ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ እስክገባ ነው የቻልኩት፣ እዚያ አለቀስኩ። ካርዱን አንገቴ ላይ ያሰሩት ያህል ነው የከበደኝ። ልጄ እያየሁት እየከሳ ነው፣ እኔ ደግሞ የሰው ሙሽራ ስም በወርቅ ቀለም እያተምኩ ነው። አለቃዬን አቶ ወንድሙን ፈቃድ ስጠይቀው «ሩታ፣ ከፋሲካ በፊትማ እንዳታስቢው» አለኝ። እንግዲያው ሥራዬን እለቃለሁ፣ ሌላ መንገድ የለም ብዬ ወሰንኩ። አንተ ጋ ልደውል ብዬ ተውኩት፤ ኮረብታ ለኮረብታ ትሮጣለህ እንጂ ምን ታደርግልኛለህ?

በነጋታው እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ፣ አቶ ወንድሙም ተስፋ ቆርጦ ለቀቀን፣ እኔም በረርኩ። እናትህ አቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሙሴን ታቅፈውታል፤ በእጃቸው የያዙት ኩባያ ውስጥ ያለው ነገር ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከማንኪያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የአጃ ሙቅ! እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ጓዳ ገባሁ፣ ቅርጫቱ ባዶ ነው። ከዚያ እናትህ እንቁላል ጤፍ ውስጥ እንደሚያስቀምጡ ትዝ አለኝ። የጤፉን በርሜል ከፍቼ እጄን ስሰድ አንድ እንቁላል አገኘሁ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ኧረ ወይ ጉድ! በርሜሉ ጤፍ ይሁን እንቁላል መለየት አቃተኝ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነዋ።»

«የማን?»

«የሙሴ ነዋ! ማን ነካበት? አንዲትም አልጎደለችበት፣ ሲፈሰክ ይበላዋል።»

«እስኪፈሰክስ?»

«እስኪፈሰክማ እኛ የምንበላውን ይበላል። ልጄ፣ እኔ ሥጋ ወደሙ የምቀበል ሰው ነኝ። በዚህ እጄ እንቁላል ሰብሬ፣ በጾም ድስት ቀቅዬ፣ እሁድ በምን ዓይኔ ቅዳሴ እቆማለሁ?»

ያልኳቸውን ሁሉ አልጽፍልህም፤ ወረቀቱም ያፍርብኛል። «ልጄን አስርበውታል» ማለቴን ግን አልደብቅህም። ስቆጣ ትክክል ነበርኩ፣ አሁንም ትክክል ነኝ፤ እናትህም ቢሆኑ አይክዱኝም። እሳቸው ግን «ዝም አይነቅዝም» አሉና ልጁን አስታቀፉኝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እኔ ደግሞ በር ላይ ወጥቼ አንተ ጋ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩህን ታውቀዋለህ።

ቀጥሎ የመጣውን ጦርነት ብታይ ትስቅ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ተነስቼ ለሙሴ እንቁላል መቀቀል ጀመርኩ። በየትኛው ድስት? ድስቶቹን ሁሉ እናትህ ቆልፈውባቸዋል። እልኼ መጣና በሻይ ማንቆርቆሪያው ቀቀልኩት! ጎበዝ ነኝ ብዬ ሥራ ሄድኩ። ለካ ትንሽ ቅርፊት ውስጡ ቀርቶ ኖሯል። ማታ ስመለስ ማንቆርቆሪያው የቆሻሻው ጆንያ አጠገብ ወድቋል፣ እናትህም ሻይ ትተዋል። ሻይ! እናትህ! እንጀራ ቢቀርባቸው የሚሻላቸው ሴትዮ ጥሙን ውጠው ሞቅ ያለ ውኃ ይጠጣሉ። እኔም አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ ቅዳሜ ዕለት ነፍስ አባታቸውን አባ ሕዝቅያስን አስጠሯቸው። በቃ፣ ስሞታ ሊነግሩብኝ ነው አልኩ። መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ የክብደት ካርዱን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይዤ ሶፋው ላይ ጉብ አልኩ። አባ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ። እናትህ መጀመሪያ ጓዳ ወስደው ለብቻ አነጋገሯቸው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ግድግዳው ምንም አላሰማኝ አለ። ሲወጡ እናትህ ዓይናቸው ቀልቷል። አባ መስቀላቸውን አወጡ፤ እኔ ጎንበስ ልበል ልተው ስል ልጅህ ቀድሞኝ ቀማቸውና አፉ ውስጥ ከተተው። ሲመጠው ብታይ! ሁላችንም ሳቅን፣ እሱ ግን አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።

አባ አስተዋሉት። መስቀሉን ቀስ ብለው ተቀበሉትና ወደ እናትህ ዞረው «ወለተ ሰንበት፣ ይህን ልጅ ምን ታበይዋለሽ?» አሏቸው።

«የጾም ነው አባቴ። የአጃ ሙቅ።»

«እሱን ማን ጹም አለው?»

«ድስቱ አባቴ! እጄ!»

«እጅ ይታጠባል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም የለበትም፤ ይህን እኔ ስንቴ አስተምሬያለሁ? የተራበ ሕፃን ቤትሽ አስቀምጠሽ ከምታስቀድሺ፣ እንቁላል ነክተሽ ታጥበሽ ብትመጪ ይሻላል።»

እናትህ መሬት መሬት አዩ። «ጥፋቴ ነው አባቴ። ቀኖና ይስጡኝ። የፈለጉትን ያህል ልስገድ።»

«ስግደትማ ትወጂዋለሽ! የሚወዱት ነገር ምኑን ቀኖና ሆነ? ይልቅ እስከ ትንሣኤ ድረስ በየቀኑ፣ በገዛ እጅሽ፣ እንቁላል ቀቅለሽ፣ ልጠሽ፣ አድቅቀሽ ይህን ልጅ አብዪው። ምራትሽ ምስክር ትሁን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ እኔም ድል አደረግሁ ብዬ ደረቴን ስነፋ፣ «አንቺም ልጄ፣ በሰው ሻይ ማንቆርቆሪያ እንቁላል አይቀቀልም» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ቀኖና ብታይ ኖሮ! እናትህ ገበያ ሄደው አንዲት ትንሽ ቀይ ድስት ገዝተው መጡ። ቤት አትገባም፤ አቮካዶው ዛፍ ሥር የራሷ የከሰል ምድጃ፣ የራሷ ማንኪያ፣ የራሷ ማጠቢያ ስፖንጅ አላት። «የሙሴ ድስት» ትባላለች፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት ታዟል። እንቁላሉን ሊልጡ ሲሉ እጃቸው ላይ ፌስታል አሰሩ። በፌስታል እንቁላል ሲልጡ አይተህ ታውቃለህ? እያንሸራተተ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። በመጨረሻ አድቅቀው፣ ገንፎው ውስጥ አዋህደው፣ «በስመ አብ» ብለው አጎረሱት። ሙሴም እንትፍ! አስኳሉ በሙሉ ነጩ ነጠላቸው ላይ። እናትህ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ቀኖናዬ ነው፣ ተቀብያለሁ» አሉ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ጓዳ ገባሁ።

እንዳትግቱት ስላልኳቸው አልጋቱትም። እያጫወቱ፣ እየዘፈኑ፣ ማንኪያውን ራሱ እንዲይዘው እየሰጡት፣ ዛሬ ከተፋ ነገ እየሞከሩለት በጥቂት ቀን ውስጥ ሙሴ ድስቷን ሲያይ እጁን ማራገብ ጀመረ። ፌስታሉም ቀረ። እንቁላሉ ሲለምድለት ዱባ ጨመሩ፣ ወተት ጨመሩ፤ እናቴ የላከችውን አቮካዶ በሹካ ደፍጥጠው ሲሰጡት ፊቱን፣ ጆሮውን፣ የእሳቸውን መነጽር ሁሉ አረንጓዴ አደረገው። ምሳ ሰዓት እየደወሉ «ዛሬ ኩባያውን ጨረሰው! አፌ ቁርጥ ይበልልህ የእኔ ጌታ!» ይሉኛል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሙሴ ምን እንደበላ ያውቃል። ሥራ የመልቀቁንም ነገር ተውኩት።

ጉዱ ግን ገና ነው። ባለፈው ረቡዕ የእናቶቹን ትምህርት እኔም ልይ ብለው አብረውኝ መጡ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ሜሮን «ለልጇ እንቁላል የምታበላ እጇን ታውጣ» ስትል ሁሉም አወጣ። እናትህ ዞር ብለው አዩና «ውሸታችሁን ነው!» አይሉም? ሞቼ ነበር ያን ጊዜ! «በሁዳዴ በየትኛው ድስት ቀቅላችሁ? እስቲ ንገሩኝ!» እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። «እውነታቸውን ነው፣ እኔም ሲፈሰክ ብዬ ነው» አለች። ሌላዋም፣ ሌላዋም። እኛ ጾም የለብንም የምትል የሲዳማ ልጅ ደግሞ «እኛ ቤት ድስቱ አይደለም ችግሩ፣ እንቁላሉን ባሌ ነው የሚበላው» ስትል የሳቅ ጎርፍ ሆነ። ሲስተር ሜሮንም ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ እሺ እሺ የምትሉኝ ለዚህ ኖሯል?» አለች።

እናትህ ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጣቸው? ተነስተው «ለልጁ የራሱ ድስት፣ የራሱ ማንኪያ! እጅሽን ትታጠቢያለሽ፣ አለቀ! ነፍስ አባቴ ፈቅደዋል፣ ያልገባት ትጠይቃቸው» ብለው ሰበኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ማርም ጠብ አድርጉበት» ብለው ጀመሩ፣ ሲስተር ሜሮን ዘላ ተነሳች። «ኧረ እማማ! ዓመት ሳይሞላው ማር የለም፣ ሕፃን ይመርዛል!» እናትህ ምንም አላፈሩም። «ሰምታችኋል፣ ማር የለም» ብለው ቀጠሉ። አሁን በየሳምንቱ እንዲመጡላት ለምናቸዋለች።

እዚያው ሙሴ ተመዘነ። እንደለመደው ተንጠልጥሎ ተወራጨ። ሲስተር ሜሮን ነጥቧን አደረገች፣ ካርዱንም ወደ እኛ አዞረችው። መስመሩ ሽቅብ ወጥቷል፣ ቢኒዬ! ወጥቷል! እኔ ካርዱን ሳምኩት። እናትህ «እደግ ተመንደግ!» ብለው እልልታውን ሲያቀልጡት ዘበኛው ማን ወለደች ብሎ እየሮጠ መጣ። ልጅህ አሁን ጉንጭ አለው። ስትመጣ አቅፈኸው እጅህ ዛለ እንዳትለኝ።

እንግዲህ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ጨርሼ «ስለዚህ የአሸናፊን ነገር ተወው» ብዬ ልፈርም ነበር። እናትህ ገቡ። እጃቸው ላይ ያቺ ቀይ ድስት አለች፤ ቤት አስገብተዋት አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«ለቢኒያም ነው የምትጽፊው?»

«አዎ እማማ።»

«ጥሩ። ስትጨርሺ ነይ፣ ድስቷን እንዴት እንደማጥባት ላሳይሽ። እንቁላል ሲነካት በፍል ውኃ ካልሆነ ሽታው አይለቅም። እኔ ስሄድ እንዳትቸገሪ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ደብረ ብርሃን ነዋ። አሸናፊ ነግሮኛል።»

ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። ለካ ያ ወንድምህ አንተ በነገርከው በነጋታው ደውሎ «ከፋሲካ በኋላ ተዘጋጂ» ብሏቸው ኖሯል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቃሉ። እንቁላሉን ሲልጡ፣ ሲዘፍኑለት፣ ጤና ጣቢያ እልል ሲሉ ያውቃሉ። «ታዲያ አባ ሕዝቅያስን የጠሯቸው…» ስል ገባቸው።

«ልሰናበታቸው ነዋ፣ የመንገድ ጸሎት እንዲያደርጉልኝ። ስሞታ መሰለሽ? ስለ ማንቆርቆሪያው ብቻ ነው የነገርኳቸው።»

«ለምን ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም?»

«ምን ልበልሽ? ለልጅሽ ብለሽ ነው የተቆጣሽው። እኔ አንቺን ብሆን አማቴን የዚያኑ ዕለት ነበር የማባርራት» አሉና፣ የእናትህ ነገር፣ በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከነድስቷ አቀፍኳቸው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። «ኧረ ድስቷን! ጥላሸት ነው ልብስሽን!» ይሉኛል፣ እኔ አልለቅም አልኩ። አሁን ይህን የምጽፍልህ ሸሚዜ ጠቁሮ ነው። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ጠራርገው ሙሴን ሊያበሉ ወጥተዋል፤ ሲዘፍኑለት ይሰማኛል።

እሳቸው እመቤታችን ከክፉ ትሰውርህ ይሉሃል። እኔም ጌታ በምትወጣበት ኮረብታ፣ በምትቆፍሩት መንገድ ሁሉ ይቅደምልህ እላለሁ። ልጅህ አሜን ይበል ብዬ ብጠብቅ አፉ በገንፎ ሞልቷል።

ተመስገን ይህን እንደሰጠህ ውለህ ሳታድር ኮረብታው ላይ ውጣና ለአሸናፊ ደውል። ለፋሲካ ይምጣ፣ የደብረ ብርሃን ቅቤም ይዞ ይምጣ፣ ሲመለስ ግን ብቻውን ይመለስ። እናትህን ውሰድልኝ ብዬ የጮህኩብህ እኔው ነኝ፤ አሁን የምለምንህም እኔው ነኝ። እባክህ ቢኒዬ፣ እናቴን እንዳትወስድብኝ።

የአንተው
ሩታ